የአባ ናዳ ጆሮ

መምህር ሙሉሃብት የሞቱት በገና ዋዜማ ማለዳ፣ በተቀናቃኞቻቸው መጋዘን ውስጥ፣ በተቀናቃኞቻቸው ሮቦት ዱላ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገጥም ሕዝብ መርማሪ አይጠብቅም። ኢንስፔክተር የትናየት ከላሊበላ በታች ካለው ሜዳ ስትደርስ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ጎራው ግን ለይቷል። ከወዲህ የሮሃ ደጋፊ፣ ከወዲያ በሦስት መኪና ተጭኖ ከኮን የመጣው የዋድላ ደጋፊ። ሁሉም ዱላ ይዟል፤ ከኋላ ደግሞ ጠብመንጃ ያነገቱ አሉ። በመካከል የቆሙት ስድስት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

«እስከ ስድስት ሰዓት እንይዝልሻለን፣ ልጄ» አሏት አንደኛው። «ከዚያ ወዲያ እኛንም ረግጠው ያልፋሉ። ሮሃዎቹ ያንን የዋድላ ልጅ ካልሰጣችሁን እያሉ ነው።»

«አራት ሰዓት ይበቃኛል» አለች የትናየት። «ዕለቱ ጾም ነው፤ ምሳ ብሎ የሚያቋርጠኝ የለም።»

ያ የዋድላ ልጅ ሂሻም ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በሁለት ፖሊስ ተጠብቆ የተቆለፈበት ክፍል በር ደግሞ አንድ ጎረምሳ በእርግጫ የሚከፍተው ነው።

የጠቡ ሥር ጨዋታ ነው ቢባል ማን ያምናል? ሁለቱ ክለቦች የሮቦት ቡድናቸውን «ከተማ» ይሉታል። ሮሃ ከተማ ዐሥራ ሁለት ሮቦቶች፣ የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ንጉሥ አለው፤ ዋድላ ከተማም እንዲሁ። በየዓመቱ ለገና ሜዳ ወጥተው ሩር፣ የገናዋን የእንጨት ኳስ፣ በዱላ ይለጋሉ። ባለፈው ዓመት የዋድላው ሂሻም፣ የሮሃው አለቃ የመምህር ሙሉሃብት የቀድሞ ተማሪ፣ በሺሕ ሰው ፊት «አንተ አጭበርባሪ!» ብሎ ጮኸባቸው። አጭበርባሪ መባሉን ሮሃ ውሎ አድሮ ይረሳው ነበር፤ ያልረሳው «አንተ» መባሉን ነው። ተማሪ መምህሩን አንተ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን የአባቶች ሕግ ያስታወሰ አልተገኘም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባልና፣ በዚያች ቃል በተቀደደው አጥር መጀመሪያ የግጦሽ ክልከላ ገባ፣ ቀጥሎ ከብት መንዳት፣ በመጨረሻም ጥይት ማከማቸት።

መጋዘኑ ድሮ እህል ይከተትበት ነበር። የዋድላ ከተማ ንጉሥ፣ አባ ናዳ፣ ከሬሳው በላይ ቆሟል። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ በቀኝ እጁ የወይራ ዱላ ይዟል፤ የዱላው ቆልማማ ጫፍ ላይ ደም ደርቋል። መምህር ሙሉሃብት ጆሮ ግንዳቸውን ተመትተው በጀርባቸው ወድቀዋል። የራሳቸውን ምርኩዝ አለቀቁም፤ የጨበጡት ግን በእጀታው ሳይሆን በቀጭኑ በኩል ነው። የመጋዘኑ ቁልፍና አንድ ሰንጢ ኪሳቸው ውስጥ ተገኙ። የትናየት ዞር ብላ የአባ ናዳን ዱላ አየች። የተጠመጠመበት ቆዳ በስለት ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ እንጨት እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ሂሻምን አስጠራችው። ሲገባ ወደ ሬሳው አላየም።

«ይህን ማን ነው የሚያዘው?»

«በድምፅ ነው የሚታዘዝ። የማንንም ድምፅ ይሰማል። ትእዛዝ የሚመስል ቃል ከሰማ ደረቱ ላይ ይጽፈዋል።»

«ሌሊቱን ነቅቶ ነው ያደረው?»

«ቻርጅ ላይ ነበር። ሳላጠፋው አደርኩ፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።» ደረቱን ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ በራ። ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አምስት መስመር ነበር።

ቁም — አልታወቀም
ምታ — አልታወቀም
ምታ — አልታወቀም
ይምቱኝ — አልታወቀም
ይምቱ — ተፈጸመ

የትናየት ሁለቴ አነበበችው። «ምታ ሲባል ለምን እንቢ አለ?»

ሂሻም ሮቦቱ እንዳይሰማው ራቅ አድርጎ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምስጢር ነው። ሌሎቹን አንተ እንላቸዋለን። አባ ናዳ ግን አንቱ ካልተባለ አይሰማም። ይምቱ፣ ይቁሙ፣ ይሂዱ። ሮሃዎች በጨዋታ መሀል ጮኸው እንዳያዙብን ብለን ነው። የምናውቀው እኔና አለቃችን ጋሽ አራጋው ብቻ ነን።»

«ይህን ስትነግረኝ ገመዱን በገዛ እጅህ አንገትህ ላይ እያጠለቅክ መሆኑን ታውቃለህ?»

«ወላሂ አውቃለሁ። መዋሸት ብችልበት አምና ዝም እል ነበር።»

«በንጋቱ የት ነበርክ?»

«ከመኪናው ጀርባ ሱብሒ ስሰግድ። ብቻዬን።»

«መምህሩን ትጠላቸው ነበር?»

«እጠላው ነበር። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ ከአምና ወዲህ አንተ ነው የምለው። ሞተ ብዬ አልቀይርም።»

ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሬሳው ዞር አለ። የትናየት አየችው፤ አልጠየቀችውም። «ማንም ሳያይህ የሮቦቱን ባትሪ አውጣና ለእኔ ስጠኝ» አለችው ብቻ።

የጨዋታው ዳኛ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ገጹ ግን ከተገለጠ ቆይቷል።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ነው፣ መሪጌታ?»

«ሁለት። አንዱ ከሂሻም፣ አንዱ ከእኔ።»

«የእርስዎን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ክሩ ባዶ ነበር። «ጠፍቶብኝ ይሆናል» አሉ።

«በሟቹ ኪስ ውስጥ ነው የጠፋው። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጁን ሊሰቅሉት ነው።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን አጠፉ። «ንጋት ላይ ሙሉሃብት መጣ። 'ከዱላቸው ውስጥ ብረት ደብቀዋል አሉኝ፤ በዓይኔ አይቼ ልመለስ' አለኝ። ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ዳኛ ሆኜ ለአንድ ወገን ከፈትኩ። ያፈርኩት በዚህ ነው።»

«ብቻቸውን ነበሩ?»

«ከደጄ የቆመው እሱ ብቻ ነበር።»

የዋድላው አለቃ አራጋው ደግሞ የሟቹ እኩያ ነው፤ ልጅ ሳሉ አብረው ከብት ጠብቀዋል። ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት።

«እኔ አልገደልኩትም። ሞቱ ግን አላስለቀሰኝም፣ እወቂው! የግጦሹን ነገር ሲከለክለን 'ተው አንተ ሙሉሃብት፣ ተው' ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።»

«ዱላችሁ ውስጥ ብረት አለ ይባላል።»

«ያለው ሰው ምላሱ ይቆረጥ! ንጹሕ ወይራ ነው። ብትጠይቁን ቆዳውን ቀደን እናሳያችሁ ነበር።»

«ቀድሟችሁ የቀደደው አለ» አለችና ሄደች።

የመጨረሻው ቃለሕይወት ነው፤ የመምህሩ ረዳት፣ የሮሃ ጎረምሶች መሪ። ሲጮህ አርፍዶ ድምፁ ሰልሏል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? የገደላቸው ያ ከሃዲ ነው! ጋሼ አባቴ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ሙያ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«ስለ ብረቱ የነገርካቸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። ያየ ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን?»

«አላስታውሰውም። ግርግር ነበር።»

«አባ ናዳ አጠገብ ደርሰህ ታውቃለህ?»

«ከሜዳ በቀር በዓይኔም አላየሁት። እንዴት እንደሚታዘዝም አላውቅ!»

«ደህና» አለች የትናየት። የምትፈልገው ይህችን ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አባ ናዳን አራት ሰው ተሸክሞ ወደ ሜዳው መሀል አወጣው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ ሁለቱ ጎራዎች አንገታቸውን አሰገጉ። የትናየት ሰዎቿን በየቦታው አቆመች። ሂሻምን ከጎኗ፣ አራጋውን በሮቦቱ ግራ፣ ቃለሕይወትን ፊት ለፊቱ፣ ከዱላው አንድ ክንድ ርቀት ላይ። መሪጌታን ጨዋታ ሲጀመር ከሚመቱት ከበሮ ዘንድ አስቀመጠቻቸው።

«ነገሩን በሥርዓቱ እንጀምረው» አለች ጮክ ብላ። «መሪጌታ፣ እባክዎ፣ ይምቱ!»

ከበሮው ጓ አለ። ሕዝቡ ንቅንቅ አላለም፤ ከበሮ ነዋ! አራጋው ክንዱን ወደ ፊቱ አነሣ፤ ምስጢሩን ስለሚያውቅ አይፈረድበትም። ከሮሃ ወገን ግን አንድ ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር። ቃለሕይወት።

«ተነሥ» አለችው። «ባትሪው ከእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይልቅ ንገረን፤ ሁላችንም ከበሮ ስንሰማ አንተ ምን ሰማህ?»

ቃለሕይወት ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

የትናየት ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ይህ ሮቦት ምታ ቢሉት አይሰማም። አንቱ ብሎ ይምቱ ማለት ያስፈልጋል። ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት የዋድላ ሰዎች ናቸው ተብሏል። ስለዚህ ገዳዩ ሂሻም ነው ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ጽሑፉን ከላይ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ቁም ተብሏል፤ ምታ፣ ምታ ተብሏል። ሂሻም ቢሆን ሦስት ጊዜ ይስታል? ያንን ያሉት ምስጢሩን የማያውቁት መምህር ሙሉሃብት ራሳቸው ናቸው። ዱላውን መርምረው፣ ቆዳውን ሰንጥቀው ብረት አጡበት፤ ማሽኑንም ሞከሩት።»

«ታዲያ ይምቱን ማን አለ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እዚያ ነው የምመጣው፣ አባቴ። ከይምቱ በፊት ይምቱኝ የሚል ቃል አለ። ማነው ማሽንን ምታኝ ብሎ የሚለምን? ያ ቃል ለሰው የተባለ ነው፤ ለዚያውም ምርኩዙን በቀጭኑ በኩል ጨብጦ ላነሣ፣ ለሚከበር ሰው። እንግዲህ መምህሩን አንቱ የሚል ማን አለ? መሪጌታ አሳድገዋቸዋል፤ አንተ ነው የሚሏቸው። ጋሽ አራጋው እኩያቸው ናቸው። ሂሻም ደግሞ አንተ ማለቱን ሺሕ ሰው መስክሮበታል፤ ጦር ያማዘዛችሁም ይኸው ነው። የቀረው የብረቱን ወሬ ያመጣው፣ እሳቸው እሳቸው ሲለኝ ያረፈደው ልጅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የዛሬው አፋፍ ሰው ይዞ ወረደ።»

ቃለሕይወት ተንበረከከ። «አልገደልኳቸውም! ብረት አለ ያልኩት በሩ እንዲከፈት ነው፤ ተከትያቸው ገባሁ፤ የሮቦቱን ሽቦ ልቆርጠው ፒንሳ ይዤ ነበር። ብረት እንደሌለ አዩ። 'ዋሽተህ ሕዝብ ልታጫርስ ነው!' ብለው ምርኩዛቸውን አነሡብኝ። በንዴት ይምቱኝ! ይምቱ! አልኳቸው። እሳቸው… እሳቸው እጃቸውን አወረዱ። የመታው ያ ነው።»

«አምንሃለሁ» አለች የትናየት። ድምፏ ውስጥ ግን ርኅራኄ አልነበረም። «ምላስህ ሳያውቅ ገደለ። ከንጋት እስካሁን ያደረግከው ግን አውቀህ ነው። አባቴ የምትላቸውን ሰው ጥለህ ወጣህ፤ በደማቸው ጦርነት ልትገዛ፣ ንጹሕ ሰው ልታስገድል ሜዳ ላይ ጮኽክ። የምይዝህ በዚህ ነው።»

የሮሃ ጎራ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ሊገድለው የመጣውን ሰው ከራሱ መሀል ሲያገኘው ምን ያድርግ? አራጋው ደረቱን ነፋ። «እንግዲህ ሮሃ የገዛ…»

«ጋሽ አራጋው፣ አፍዎን ይሰብስቡ» አለችው። «የወደቁት አብሮ አደግዎ ናቸው።»

አራጋው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ወደ ሁለቱም ወገን ሄዱ። ጠብመንጃ ያነገቱት ቀድመው ዞሩ፤ ዱላ የያዙት ተከተሏቸው። እርቅ አልነበረም፤ የግጦሹ ነገር ገና ይጠብቃቸዋል። ለዛሬ ግን እፍረት ከሽምግልና የተሻለ ሥራ ሠራ።

ሂሻም ባትሪውን መልሶ አባ ናዳን ወደ መኪናው ሊያስኬድ ሲል አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ ከመጋዘኑ ወጣ። ልጁ ባለበት ቆመ።

«ይህን ሮቦት የነደፉት እሳቸው ናቸው» አላት፣ ዓይኑን ከቃሬዛው ሳያነሣ። «ተማሪያቸው ሳለሁ። አምና ያንን ካልኳቸው በኋላ መመለስ ኩራቴ አልፈቀደም። እኔም በእሳቸው ፋንታ ይህን ሮቦት በየቀኑ አንቱ እል ጀመር። ለጋሽ አራጋው ስልት ነው አልኳቸው። ስልት አልነበረም።»

ሂሻም ቃሬዛው አጠገቡ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ተሸካሚዎቹ አልፈው ሄዱ። ከጀርባው፣ በአባ ናዳ ደረት ላይ፣ አዲስ መስመር በራ።

ይቅር ይበሉኝ — አልታወቀም