ለቅሶ የማያውቀው ዘበኛ

ዘበኛው ገና በቁርስ ሰዓት ሁለት ሌቦች ይዣለሁ ብሎ ጮኸ። አንደኛው ሌባ ስሙን የረሳ የበረዶ መቆፈሪያ ማሽን ነበር። ሁለተኛዋ ደግሞ የአንድ ሕፃን መጫወቻ ጥንቸል። የሠፈሩን መስመሮች የምትቆጣጠረው እታገኝ ሁለቱንም ይቅር ብላ ለቀቀቻቸውና ቂጣዋን መጉረሷን ቀጠለች።

በበረዶ ሠፈር እንዲህ ያለ ጠዋት ብርቅ አይደለም። ሠፈሩ ካሊስቶ በምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ላይ፣ ከበረዶው ሥር ተቆፍሮ የተሠራ ነው። ሰዉ በረዶ እየቆፈረና እያቀለጠ ለመርከቦች ውሃ ያቀብላል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በአየር የተላከ ድምፅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ነገሩ ሁሉ በሽቦ ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ መስመር ይነሳና እታገኝ በምትኖርበት ክፍል ያለው ሳጥን ላይ ይሰካል። የሳጥኑ የወግ ስም ስዊች ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ የማን መልእክት ቀድሞ የማን ተከትሎ እንደሚያልፍ የሚወስን። ሠፈርተኛው ግን ዘበኛው ይለዋል፤ ሁሉን ይጠረጥራላ!

እንዲህ ጠርጣራ ያደረገችው እሷው ናት። በቅርቡ ሠፈሩን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ትእዛዝ መጥቶ ደንቡን እንደ አዲስ ሠርታለች። የመተንፈሻ አየር ትእዛዝ አንደኛ ያልፋል፣ የመርከብ ማዘዣ ሁለተኛ፣ የተቆፈረው በረዶ ሚዛን ሦስተኛ። የሰው ድምፅ ቦታ ከተረፈ። ለጥበቃ ደግሞ ባንድ ቤት መስመር ከአራት አምባር በላይ እንዳይገባ ከለከለች። አምባር ማለት እያንዳንዱ ሰው ክንዱ ላይ የሚያጠልቃት ናት፤ ትንፋሽ ትለካለች፣ ድምፅ ታደርሳለች፣ ባለቤቷ ከገባበት ቤት መስመር ጋር ራሷ ትገናኛለች። ከአራት በላይ ሰውስ ባንድ ቤት ምን ይሠራል? የእታገኝን ቤት ረግጦ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አራቱንም የጻፈችው በልግስና ነው።

ሰው ትጠላለች እንዳይባል፤ ሰው በሽቦ ሲመጣ ትወዳለች። የማን ልጅ እንደሚያስል፣ የትኛው ባል ከሥራ ሲመለስ እንደሚያኮርፍ ከመስመሩ ታውቃለች። ደጇ ላይ ግን «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅላለች። እስካሁን ፈቃድ የጠየቀ የለም።

ዘበኛው እንደገና ጮኸ። በዚህኛው ግን መብራቱ ቀይ ነበር።

«መስመር አሥራ ሰባት ላይ ወረራ! እንግዳ አምባሮች። አምስት። አሥራ ሁለት። ሠላሳ።»

እታገኝ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች። እንዲህ ያለውን ነገር በትምህርት ቤት ነው የሰማችው፦ ወራሪ ባንድ መስመር ሾልኮ ይገባና ብዙ ሰው መስሎ የአየሩን ትእዛዝ ሳይቀር አፍኖ ይይዛል። መስመሩን ዘጋችው። ዘበኛው አረንጓዴ ሆነ። «ጎሽ!» አለችው፤ ለራሷ ማለቷ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የአደጋ ጊዜ ስልኩ አቃጨለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደመላሽ ነበሩ።

«እታገኝ! መስመሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?»

«ወራሪ ገብቶ ነው ጋሼ። ሠላሳ አምባር ባንድ ቤት!»

«ወራሪ? ወራሪ ቢሆን ወንበር ይዞ ይመጣ ነበር፤ እኛ መሬት ላይ ተደራርበናል። ለቅሶ ላይ ነን፣ አንቺ ልጅ!»

«ማን ሞተ?»

«አልሰማሽም እንዴ? እማማ ብርቄ እኮ አረፉ።»

እታገኝ እማማ ብርቄን በመልክ አታውቃቸውም። የምታውቀው መስመራቸውን፣ አሥራ ሰባትን ነው፤ በየቀኑ ልጃቸው ወዳለበት መርከብ የሚሄደውን አጭር ድምፅ። ለምን እንዳልሰማችም ወዲያው ገባት። በበረዶ ሠፈር መርዶ በሽቦ አይነገርም። የጠዋቱ መብራት ሲበራ ሰው በር ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይናገራል። የእሷን በር ያንኳኳ አልነበረም።

«ልጃቸው፣ አለባቸው፣ ወደ ሳተርን እየሄደ ነው» አሉ ጋሽ ደመላሽ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ትልቁ ሞተር አሁን ሊነሳ ነው፤ ከተነሳ መርከቡ ለወራት አይሰማም። ተሰብስበን ልናረዳው 'አለባቸው' ብዬ ስጠራው ሴቶቹ አልቻሉም፣ ጮኹ። ያኔ ተቋረጠ።»

«ስለዚህ…»

«ለቅሶውን ሰምቷል፤ የማን እንደሆነ አልሰማም። እናቱ ትሁን፣ ሚስቱ ትሁን፣ ልጁ ትሁን አያውቅም። ይህን ተሸክሞ ሊከርም ነው?»

እታገኝ መስመሩን ከፈተች። ዘበኛው አንዴ ወራሪ ብሎ መዝግቦታልና ዘጋው። ከፈተች፣ ዘጋ። ደንብ አክባሪ ነው፤ ደንቡም የእሷ። ደግሞ የአራቱን አምባር ገደብ ማንሳት ብቻውን አይበቃም። ከበረዶው በላይ ወዳለው አንቴና የሚወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም የበረዶ ሚዛን አጨናንቆታል። ቢከፈት እንኳ አለባቸው ጋ የሚደርሰው ቁርጥራጭ ድምፅ ነው። አየሩን እንደነበረ አንደኛ ተወችው። የመስመር አሥራ ሰባትን ድምፅ ከሥሩ አስገባች። የመርከብ ማዘዣውን አስከተለች። የበረዶ ሚዛኑን መጨረሻ ወረወረችው፤ በረዶ እንደሆነ አይቸኩልም።

«ለለውጡ ምክንያት ይምረጡ» አለ ዘበኛው። «አደጋ፣ ጥገና፣ ፍተሻ።»

«ለቅሶ» ብላ ጻፈች።

«ቃሉ አይታወቅም። ብዙ ሰው ባንድ ቤት መገኘቱ ያልተለመደ ነው። እንደተለመደ ይያዝ?»

እታገኝ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ደንቡን ስትጽፍ ይህን የጠየቃት አልነበረም።

«ይያዝ።»

የጋሽ ደመላሽ ድምፅ ጥርት ብሎ አለፈ። «አለባቸው፣ ወንድሜ፣ እናታችን እማማ ብርቄ አርፈዋል። ሚስትህ ደህና ናት፣ እዚህ አለች። ልጅህም አለች። ሁላችንም አለን።»

ቃሉ መርከቡ ጋ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ቤት ሙሉ ሰው ጠበቀ። እታገኝም ክፍሏ ሆና ጠበቀች። ከዚያ የአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ መጣ፣ ሳጉ ሳይቀር። ትንሽ ሲበርድለት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ማን አላችሁ?»

ተራ በተራ ነገሩት። «በላይነሽ ነኝ፣ አለሁ።» «ደረበ ነኝ፣ አለሁ ወንድሜ።» አንዱን ሳግ ሲይዘው ሌላው ይቀበላል። እታገኝ አፏን ከፈተች። ግን ማን ልትል? አለባቸው አያውቃትም፤ ከተቀመጡትም ድምፅዋን የሚለይ አንድ ጋሽ ደመላሽ ናቸው። አፏን መልሳ ገጠመች። ሞተሩ ተነሳና ሁሉም ጸጥ አለ።

ዘበኛው ግን አላረፈም። አዲሱን ትምህርቱን ይዞ ሠፈሩን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። ከዚያ ቢጫ ሆነ።

«መስመር አርባ አንድ። ከተዘረጋ ጀምሮ ከአንድ አምባር በላይ ታይቶበት አያውቅም። ይህ ያልተለመደ ነው። ሰው ሄዶ ይይ?»

መስመር አርባ አንድ የራሷ ነው።

እታገኝ ጣቷን «ይቅር» የሚለው ላይ አሳረፈች፤ የለመደችው እሱን ነው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሌላኛውን ተጫነች።

ጋሽ ደመላሽ ዓይናቸው እንደቀላ እያለከለኩ ገቡ። «አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ? አርባ አንድን ሂድና እይ አለኝ አምባሬ።»

«ምንም አልተበላሸም» አለች፣ ፊቷን ወደ ሳጥኑ አዙራ። «ሰው የለበትም ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። መቀመጫ ፈለጉ፤ ያለችው እታገኝ የተቀመጠችባት አንዲት ወንበር ብቻ ናት። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እታገኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «እማማ ብርቄ አርፈዋል።»

እሷም ገና አሁን እንደሰማች አለቀሰች።