የክዳኑ ቁጥር

ልጅቷ ስትሞት ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። የተቃጠለ ክንዷን ባክቴሪያ ወረሰው፤ መድኃኒት ሁሉ አልበግረው ሲል የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ አዘጋጀላት። ነርሷ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ግን አልተረፈችም። የላብራቶሪው ኃላፊ ጣቱን ነርሷ ላይ ቀሰረ፤ እሷም ከሥራ ታግዳ ክስ ትጠብቃለች። አለቆች ጣት ሲቀስሩ መቼም ወደ ታች ነው።

ጉዳዩን እንድታጣራ የተላከች መርማሪ በማግስቱ መጣች። ባልደረቦቿ ኮምጣጤ ይሏታል፤ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም።

«ሙቀት ላይ አቆይታ ቫይረሱን ገድላዋለች» አለ ኃላፊው። «ቫይረሱ ባክቴሪያዋን እንደሚበላ ያየንበት ሙከራ እንከን የለውም።»

«ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወዲያው ነው የሰጠኋት» አለች ነርሷ። «ግን ማን ያምነኛል?»

ኮምጣጤ ወደ ላብራቶሪው ገባች። ቴክኒሻኑ ሁለት የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖች አወጣላት።

«ይሄ ከቁስሏ የበቀለው ነው። ይሄ ደግሞ ሙከራው፤ ቫይረሱ ባክቴሪያውን የበላበት ቦታ እንዲህ ጥርት ይላል።»

«የቁስሏ አረንጓዴ ነው። የሙከራው ለምን ነጭ ሆነ?»

ቴክኒሻኑ ደነገጠ። «እኔ አልሠራሁትም። ኃላፊያችን ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው የሠሩት።»

«የበሽተኛ ቁጥር የት ነው የምትጽፉት?»

«ከሥር ነዋ። ክዳን ይቀያየራል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። የልጅቷ እናት በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቫይረሱ መራጭ ነው» አለች ኮምጣጤ። «አንዱን ባክቴሪያ ይበላል፣ ሌላውን ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ ሙከራው በልጅቷ ባክቴሪያ ላይ መሠራት ነበረበት። ክዳኑ ላይ የእሷ ቁጥር አለ።» ሳህኑን ገለበጠችው። «ከሥሩ ግን ይህ ቫይረስ በቀላሉ የሚበላው የማስተማሪያ ባክቴሪያ ቁጥር ነው። ነርሷ ላብራቶሪ አትገባም። ቴክኒሻኑ ክዳን ላይ አይጽፍም። ክዳን ላይ የሚጽፈው ሳህን ከነካ ዓመታት ያለፉት ሰው ነው። ዶክተር፣ የእጅ ጽሕፈቱም ነርሷን ከከሰሱበት ደብዳቤ ጋር አንድ ነው።»

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «በልጅቷ ባክቴሪያ ላይ ስሞክረው ሳህኑ ጥርት አላለም። በማግስቱ ደግሞ ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ባዶ እጄን መቅረብ አልፈለግሁም። ምናልባት ይሠራል ብዬ…»

«ምናልባት ብለው ሰው ገደሉ፤ ከዚያ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ ለጠፉት» አለች ኮምጣጤ። «ሲስተር፣ እገዳዎ ዛሬውኑ ይነሳል።»

ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሌላ ቫይረስ አልነበረም?» ስትል እናትየው ጠየቀች።

«ሃያ ዓይነት አለን እትዬ» አለ ቴክኒሻኑ በንዴት። «ሁሉንም ለመሞከር ሁለት ቀን ይበቃ ነበር።»

እናትየው ተነስታ ኃላፊው ፊት ቆመች። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ትለው ነበር።

«ልጄ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ታግላለች» አለችው። «አንተ ሁለት ቀን ነፈግካት።»