የታፈነው ሞተር

«ነዳጅ ስትሰጪው ይጠፋል እኮ! በዚህ ሞተር ነው ቁሐር ሚካኤል የምትደርሽው?» ባየህ የግቢውን በር በጀርባው ዘግቶ ቆመ።

«ወግድልኝ!» አለች ሚስቱ ውባንቺ። «እናቴ ውኃ ውስጥ ናት!»

ባለ አራት ጎማውን ሞተር በጨረታ የገዛችው እሷ ናት። በወረታ ከተማ ጋራዥ ሞልቶ ሳለ ለማንም አታስነካውም፤ በረንዳዋ ላይ ራሷ ትፈታዋለች፣ ራሷ ትገጥመዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ግን አሸንፏታል። ካንዴላውን ቀየረች። ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠበች። የአየር ፊልትሮውን አውጥታ አራገፈች። ሞተሩ ይነሣል፣ ቆሞ ያጉረመርማል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ትን ብሎት ይጠፋል። ባየህ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ባትሪ ያበራላት ነበር። አፉን በከፈተ ቁጥር «ዝም ብለህ አብራ!» ትለዋለች። ሩዝ ወደ መፈልፈያ ሲያመላልስ ያበላሸው እሱ ነው ብላ ደምድማለች፤ ደሟን የሚያፈላውም ይኸው ነው።

ያን ቀን ጠዋት እናቷ ሸዋነሽ ከቁሐር ሚካኤል ደወሉ። የርብ ወንዝ ሞልቶ በረቱ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤቶች በታንኳ ሊያወጧቸው ቢመጡ፣ እርጉዝ ላሜን ጥዬ አልሄድም ብለው መለሷቸው። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ባየህ በመጨረሻ የግቢውን በር ከፈተና ሞተሩ ላይ ከኋላዋ ዘሎ ተቀመጠ። ቢናደድባትም ብቻዋን ሊሰዳት አልሆነለትም።

ከአስፋልቱ ሲወርዱ ዝናቡ ፊታቸውን ገረፈው። ሜዳው ባሕር ሆኗል፤ ማሳና መንገድ አይለይም። ውባንቺ ነዳጁን እየቆጠበች፣ መሪውን ጨብጣ፣ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቀዘፈች። ጎማው በተንሸራተተ ቁጥር ትሳደባለች፤ ሰማዩን፣ መንገዱን፣ ቤንዚን ሻጩን፣ ከሁሉ በላይ ባሏን።

ማሳው መሃል ሲደርሱ ከፊታቸው ውኃው ተነፈሰ። ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ ሰፊ አፍንጫ።

«ጉማሬ!» አለ ባየህ። «ጎርፉን ተከትሎ ከሐይቁ ወጥቷል። ንጂው!»

ነዳጅ ሰጠችው። ሞተሩ ትን አለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ።

ጉማሬው አጓራና ጠለቀ። የውኃው ሞገድ ወደ እነሱ መገስገስ ጀመረ።

«አንተ ነህ!» ብላ ባሏ ላይ ጮኸች። «ገደልከን!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ! የፊት ሽፋኑን ንቀይው!»

«ዝም በል!»

«አልልም! ንቀይው አልኩሽ!»

በካቻቢቴ ፈልቅቃ አነሣችው። የአየር መግቢያው አፍ በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ተጠቅልሎ በጎማ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ፊልትሮውን ስታጸዳ እስከዚህ ድረስ አላየችም ነበር።

«የመፈልፈያው እብቅ እንዳይገባበት ብየ ነው ያሰርኩት» አለ ባየህ። «ልነግርሽ ስል ዝም በል አልሽኝ። ደግሜ ስሞክር ዝም በል አልሽኝ። ኋላ እኔም ተናደድኩ፤ ራሷ ታግኘው አልኩ።»

ማዳበሪያውን በጥርሷ ቦጨቀችውና ሞተሩን አስነሣች። ነዳጅ ስትሰጠው በሙሉ ሳንባው ጮኸ። ወደ ጎን ሲወረወሩ ጉማሬው የነበሩበትን ውኃ ሰንጥቆ አለፈ።

ጉዟቸውን ቀጠሉ። ውባንቺ አሁንም ትንገበገባለች፤ ግማሹ ንዴት ግን ወደ ራሷ ዞሮባታል።

ሸዋነሽ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ፣ የላሚቱን ገመድ ይዘው፣ በስብሰው ቆመዋል።

«ለላም ብለሽ ልትሞች!» ብላ ውባንቺ ጮኸችባቸው። «ላሚቱን ከኋላ እንሰራት። ሞተሩ ላይ ውጪ፣ በመጣንበት እንመለስ!»

«ልጄ፣ በመጣችሁበት...»

«ዝም በ...» ቃሉን ሳትጨርስ ገታችው። ባየህን አየችው፤ እሱም ያያታል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ልትይ ነበር እምየ?»

«በመጣችሁበት አትመለሱ። ርብ በዚያ በኩል ዳሩን እየበላ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ያለው መሬት ድንጋያማ ነው፤ እሱ ይችለናል።»

ሸዋነሽን አሳፍረው በላሚቱ እርምጃ ልክ አዘገሙ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው አንዳች ነገር ተናደ። ዞረው አዩ። ቡናማ ውኃ ዳሩን ጥሶ፣ የመጡበትን ማሳ ከነዛፉ ጠርጎ ወሰደው። ሸዋነሽ አማተቡ።

ወረታ፣ እነ ውባንቺ ቤት የገቡት ሲመሽ ነው። ላሚቱ ታሰረች፤ ሸዋነሽ ደረቅ ጋቢ ለብሰው እሳት ዳር ተቀመጡ። ውባንቺ በረንዳው ላይ ሞተሩን አጠፋችና ካቻቢቴውን አነሣች።

«ሌላስ ያሰርከው ነገር አለ?»

ባየህ ፊቷን አጥንቶ «አለ» አለ። «ግን ትቆጫለሽ።»

«እቆጣለሁ» አለች። ካቻቢቴውን እጁ ላይ አኖረችለት፤ ባትሪውን ራሷ ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና አበራችለት። «ተናገር።»