የጋሽ ጆሮ ሁለት ፖቴንሽዮሜትሮች

ጋሽ ጆሮ በጥገና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከፊቱ ከእንጨት ሳጥኑ የወጣ የጊታር አምፕሊፋየር ነበር። ስፒናው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ፣ ቀይ መብራቱ እንደበራ፣ የሞተውን ሰው ሥራ የተረከበ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርም ነበር። «ጆሮ» ያሉት የገበያው ሰዎች ናቸው፤ የራዲዮን ሕመም ከደጅ ሰምቶ ይለይ ነበርና።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ማሽኑን ነቅሎ በጨርቅ ሸፍኖታል። የማሽኑን ባለቤት፣ ጊታሪስቱን፣ በካቴና አስሮ ጥግ አስቀምጦታል።

«ያለቀ ነገር ነው ኢንስፔክተር። ከትላንት ወዲያ ‹ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቮልዩም ጠፋች ትለኛለህ!› ብሎ ሲጮህበት ገበያው ሁሉ ሰምቷል።»

ቮልዩም የሚሉት ፖቴንሽዮሜትሩን ነው፤ ሲያዞሩት ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን።

«የጮኸ ሁሉ ቢገድል ገበያተኛ አይኖርም ነበር» አለችና የሟቹን እጆች ገለጠች። ሁለቱም መዳፎች ላይ ጥቁር የቃጠሎ መስመር አለ።

«የግራውም?» አለች ሚስቱ ከበሩ። «አይሆንም! ኮረንቲ ያለበትን ሲነካ ግራ እጁን ኪሱ ይከታል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ልብ ያገኛል ይላል። ሠላሳ ዓመት የግራ ኪሱን ስሰፋ ነው የኖርኩት።»

«ሁለቱን የሚጠቀመው መቼ ነው?»

«ሸክም ሲያነሳ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሥራውን ከወለሉ ወደ ጠረጴዛው ያነሳል።»

መርማሪዋ ስፒናውን አየች። የብሎኖቹ ጥርስ ገና ያብረቀርቃል፤ ካቻቢቴ ከነካቸው ቀን አልሞላም።

«ኪሴን እዩልኝ» አለ ጊታሪስቱ። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት አሮጌ ፖቴንሽዮሜትሮች ወጡ። «ትላንት ጋሽ ጆሮ ከፍቶ ሲያይ ሁለተኛዋም ተበላሽታ አገኛት። ከወንድሙ ሱቅ ሁለት ገዝቼ መጣሁ። በሜትር ሲለካቸው ፊቱ ጠቆረ። ‹ጀርባው ላይ የታተመው ውሸት ነው› አለና በመርፌ መስቀል ጫረባቸው። የናቀውን ዕቃ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል፣ በስህተት እንዳይገጠም። ‹መልስለትና ከአሮጌ ራዲዮ ነቅለህ አምጣ› አለኝ። መለስኩለት። ዛሬ አግኝቼ ስመጣ ሬሳና ሳጅን ጠበቁኝ።»

ታናሽ ወንድምየው የመለዋወጫ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ የአባታቸው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር፣ ያለቅሳል። ሱቁና የጥገና ክፍሉ ግድግዳ ይጋራሉ፤ መሐል ላይ በር አለ።

«ጋሼን እንዲያ ሆኖ ማየት አልችልም፤ ዛሬ እግሬን አላስገባሁም» አለ። «ሁለቱን ቮልዩም ሲቀይር ነው ኮረንቲ የያዘው። እርጅና ነው፣ ዘንግቶ...»

«ከእርስዎ የተገዙ ናቸው?»

«ኧረ! እኔ ዘንድ እንዲያ ያለ ዕቃ ከጠፋ ወር አልፎታል።»

መርማሪዋ እንባን አታምንም፤ አለማመኗንም አታምነውም ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

ግራ እጇን ኪሷ ከታ፣ ጨርቁን ገልጣ አምፕሊፋየሩን ሰክታ ማዞሪያውን በፀጉር ስፋት ነካች። ክፍሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሚስትየዋ ጆሮዋን ያዘች።

«ትክክለኛው ድምፁን ቀስ በቀስ ያሳድጋል» አለች መርማሪዋ አጥፍታ። «ይኼ ገና ሲነኩት ያብዳል። ጋሽ ጆሮ ይህን ይገጥማል?»

«ሞቶም አይገጥመው» አለች ሚስቱ። ወዲያው አፏን ሸፈነች።

«አልገጠመውም። ሲሞት ምንም እየጠገነ አልነበረም፤ የሚገጥመው ዕቃ ገና ጊታሪስቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ማልዶ በመሐል በሩ ገባ። የስፒናውን ሽቦ አዛውሮ ኮረንቲውን ወደ ማሽኑ ብረት ላከና ሰካው። ሽማግሌው ሳያይ በሁለት እጁ አነሳው። ከዚያ ሰውየው ሽቦውን መለሰ፣ ሬሳውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፣ ‹ሥራ ላይ ሞተ› እንዲባል ቮልዩሞቹን በየደ።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ገበያው የሰማው የአንዲት ቮልዩም ጩኸት ነው። ማሽኑ ተሸፍኖ ነበር። እርስዎ ምንም አልሸጡም፣ እዚህም አልገቡም። ታዲያ ሁለት መሆናቸውን ማን ነገረዎት?»

«ጊታሪስቱ... እሱ ነው የገጠማቸው!»

«እሱ የመስቀሉን ትርጉም ያውቃል።» ማሽኑን ገለበጠችው። በሁለቱ ፖቴንሽዮሜትሮች ጀርባ ላይ ቀጭን መስቀል አበራ። «የተናቀ ዕቃ የሚገጥመው የማያውቅ ሰው ነው።»

«ትላንት ማታ ‹የአባታችንን ስም በውሸት ዕቃ ሸጠው፤ ነገ በገበያው ሁሉ ፊት አወጣዋለሁ› አለኝ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ለአንተም ነግሮህ ነበር፣ አይደል?»

«ጭረቱ ከፋብሪካው የመጣ መስሎኝ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ ታናሽየው።

የተናገረው ለራሱም የተሰማው ዘግይቶ ነበር። ሳጅኑ ካቴናውን ከጊታሪስቱ እጅ ፈታ።

ሚስትየዋ ወደ ታናሽየው ተጠጋች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርታችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ እጁ ሲሠራ ሳታየው ገደልከው።»