የእናቴ ሰዓት ስድስት ሰዓት ቀደመ

ይህ ተረት አይደለም። የሆነው ዛሬ ነው፣ እዚሁ ቢቸና፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ...

አሮጌ ላፕቶፕ ሥራ ማስያዝ እወዳለሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩት «የኮምፒውተር ቀባሪ» ይሉኛል። ይበሉኝ! እነሱ የጣሉት እኔ ቤት ሬዲዮ ሆኗል።

ይኼኛውን ያመጣሁት ከሞጣ ነው። ባትሪ የለውም፤ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል።

እናቴ ወገቧን ታማ ከተኛች ሦስተኛ ወሯ ነው። አልጋዋ ፊት ለፊት አቆምኩላት። ለእሷ የግድግዳ ሰዓት ሆነ፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሆኜ በካሜራው አያታለሁ።

ግን አንጀቴን አሳረረው! መብራት በጠፋ ቁጥር በፈረንጅ መቁጠር ይጀምራል። አራት ሰዓት ሲሆን አሥር ይላል። ስንቴ ላስተካክለው?

ትናንት ጠዋት ሁለት ከዐሥር ላይ ስልኬን አየሁ። የእናቴ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተሰብሯል። የምስሉ ጥግ ላይ «8:10» ይላል።

ለምሳ ስገባ ብርጭቆው ደህና ነው።

ላፕቶፑን ሰደብኩት። ውኃ ልቀዳላት ብርጭቆውን ሳነሳ ከእጄ አመለጠ...

ስምንት ከዐሥር ነበር።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት ሆኜ ካሜራውን ከፈትኩት።

የእናቴ አልጋ ባዶ ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«10:00»።

ምስሉን ስልኬ ላይ አስቀረሁትና ለጎረቤታችን ደወልኩ።

«እትዬ ሰገነት! እማዬ...?»

«ምን ሆነች? ይኸው ገንፎ እያጎረስኳት ነው።»

«አልጋዋ ላይ ናት?»

«ታዲያ የት ትሂድ? ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

በባጃጅ በረርኩ። እናቴ ደህና ናት። የላፕቶፑም ሰዓት ልክ ነው፤ አራት ከሩብ ይላል። በንዴት ሶኬቱን ነቀልኩት።

አልጠፋም።

«ይታገስ፣ ምን ሆነሃል ልጄ?»

«ምንም። ዛሬ ካንቺ ጋር እውላለሁ።»

እሷን ማጣት ፈርቼ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ስምንት አለፈ... ዘጠኝ ሆነ... እናቴ እንዲያውም ቀለሟ ተመልሷል።

ያስቀረሁትን ምስል አውጥቼ አጎላሁት። የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። መሀላቸው ወገቧን በነጠላ ታጥቃ የምታለቅስ አለች።

እናቴ ናት።

የሆነ ልብስ አቅፋለች... ኮት ነው። ክርኑ ላይ የተጣፈ።

እኔ የለበስኩት ኮት።

አሁን ይህን ስጽፍ ዘጠኝ ከሩብ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ለቅሶ ከተቀመጡ፣ ሞቱ ከዚያ በፊት ነው። እናደዳለሁ፣ እፈራለሁ፤ ግን በምኑ ልታገለው? ኮቱን አወለቅኩና ወደ በሩ ልወረውረው እጄን አነሳሁ።

«ምነው ልጄ፣ ብርድ ነው» አለች እናቴ። እጇን ዘረጋች።

«አምጣ... ልያዝልህ።»

ተቀበለችኝና እቅፏ ውስጥ አስገባችው።