በየትኛው ጸ?

ትርሲት ገላውዴዎስ ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ የጨረቃን ጆሮ መጥረግ ነበር። ጆሮ የሚሏት ከጨረቃ ጀርባ የተዘረጋችውን ግዙፍ ሳህን ነው፤ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጣለች። ሳህኗ እንዳትረበሽ በዚያ አካባቢ ሬዲዮም ስልክም ክልክል ነው። ምድር እንኳ ከዚያ አትታይም። ትርሲት ጸዳል በሚባለው ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ትሠራለች፣ ብቻዋን ትበላለች፣ ሲብስባት ደግሞ ከመጥረጊያዋ ጋር ታወራለች። ከሰው ጋር የሚያገናኛት በሳተላይት በኩል በብርሃን ጨረር የሚላከው ኢሜይል ብቻ ነው።

ምድር ካለው ማዕከል መመሪያ ይመጣል፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይመጣል፤ ለሁሉም በጅምላ የተላከ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞትም ይመጣል። ከአባቷ ግን ምንም።

አቶ ገላውዴዎስ ደሴ ነው የሚኖሩት። በማተሚያ ቤት አራሚነት ያረጁ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ትርሲት ልጅ ሆና የጻፈችውን ሁሉ፣ የልደት ካርዳቸውን ሳይቀር፣ ያርሙባት ነበር። ልትሄድ ስትል "ሰው የሌለበት አገር ምን አለኝ ብለሽ ነው?" ቢሏት፣ እሷ ደግሞ አፏን አትይዝ፣ "አንተ ከፊደል በቀር ምን ታውቃለህና ነው!" አለቻቸው። እንዲህ ተብሎ ለአባት ይመለሳል? ወዲያው ጸጸታት፤ ግን ሳትስማቸው ወጣች። ከጨረቃ "ሠላም አባባ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" ብላ ጻፈች። መልስ የለም። ደግማ ጻፈች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። የለም።

አሁን ከምድር ስንቅ የምታመጣው የጠፈር መርከብ እየመጣች ነው። ትርሲት ወይ ተሳፍራ ትመለሳለች፣ ወይ ለሌላ ሦስት ዓመት ትፈርማለች። ልቧ ወደ መፈረሙ አድልቷል። ይቅርታዋን ያልተቀበላት አባት ደጅ ላይ በምን ፊቷ ትቆማለች?

መርከቧ ስትቃረብ በብርሃን መስመር በድምፅ መነጋገር ይቻላል። አብራሪው ካፒቴን ዘርጋው ገና ሳይጠይቁት የሚቀልድ ሰው ነው።

"አለሽ እንዴ እቴ? ማዕከል ውስጥ አምተውሽ አምተውሽ ደከማቸው!"

"እኔን? ምን ብለው?"

"ደብዳቤዋን ካየን ከረምን ነው የሚሉት። ጆሮ እንጂ አፍ የላትም እያሉ ይስቃሉ።"

"ምነው ዘርጋው! እኔ መቼ መጻፍ አቆምኩ?"

የሳህኗ መረጃ በሌላ መስመር በራሱ ስለሚሄድ ማንም ሰው ስለ ዝምታዋ አልተጨነቀም። ትርሲት ግን ሄዳ ሰርቨሩ ፊት ቁጭ አለች። ሰርቨሩ ኢሜይሏን የሚልክላት፣ በሊኑክስ ሶፍትዌር የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነው። የላኪውን መዝገብ ከፈተች፤ "ተልኳል፣ ተልኳል፣ ተልኳል" ይላል። ወረፋ ላይ የቀረ ደብዳቤ የለም። ወደ መርከቧ አንድ መሞከሪያ ላከች።

"ደረሰህ?"

"ደርሷል። ግን ቆሻሻ ውስጥ ነው። 'ሐሰተኛ፤ ሰው አልጻፈውም' ይላል።"

ማሽኖች በሰው ስም መጻፍ ከለመዱ ወዲህ የላኪ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደጃፍ አያልፍም። ማኅተሙ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንደኛው ሰርቨሩ ውስጥ ተደብቆ ደብዳቤውን ያትማል፣ ሌላው በአደባባይ መዝገብ ላይ በጣቢያው ስም ተቀምጦ ተቀባዩ ያመሳክርበታል። ካልገጠመ ደብዳቤው ይጣላል። ለላኪው አይነገርም፤ አጭበርባሪን ማን ያስጠነቅቃል? ለሐሰተኛ ደብዳቤ መልስ መጻፍም አይፈቀድም።

ትርሲት ቁልፉን አየች፤ ደህና ነው። ሰዓቱን አየች፤ አልተዛባም። የፋይሉን ፈቃድ አየች፣ አገልግሎቱን አጥፍታ አስነሳች፣ እንደገና ላከች። ሐሰተኛ!

"የት አባቱ ነው ታዲያ ችግሩ!" ብላ ጠረጴዛውን መታችው።

"ቆይ ቆይ፣ አትናደጂ" አለ ዘርጋው። "የአደባባይ መዝገቡን እያየሁት ነው። ቁልፍሽ ይኸው አለ። ጸዳል ጣቢያ።"

"እኔም ጋ ጸዳል ጣቢያ ነው የሚለው።"

"አንድ ነው እኮ!"

"አንድ ነው።"

ከዚያ ትርሲት ድንገት ቀና አለች።

"ዘርጋው፣ በየትኛው ጸ ነው?"

"እንዴት በየትኛው?"

"መዝገቡ ላይ ያለው። በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?"

"በፀሐዩ ፀ ነዋ።"

"ጉድ ፈላ! እኔ ጋ በጸሎቱ ጸ ነው!"

ጣቢያውን የመሠረቱት ሰዎች ስሙን በፀሐዩ ፀ "ፀዳል" ብለው አስመዝግበውታል። ትርሲት በገባች ሰሞን የመጣው ማሻሻያ ደግሞ የሰርቨሩን ስሞች ሁሉ ሲያርም "ጸዳል" አድርጎ አስተካክሎታል። ለሰው ጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለማሽን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች።

"ትክክሉ የትኛው ነው ግን?" አለ ዘርጋው።

"ትክክሉማ በጸሎቱ ነው። አባቴ ቢሰማ ማሽኑን ይመርቀው ነበር" አለችና ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረባት።

ስህተቱን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ፀዳል። መሞከሪያ ላከች።

"ገባ!" ብሎ ጮኸ ዘርጋው። "እልል በይ!"

እልል አላለችም። ለአባቷ "ሠላም አባባ፣ እኔ ነኝ። አሁን በሩ ተከፍቷል" ብላ ላከችና እጇን ጭኗ መሀል አድርጋ ተቀመጠች። ባይመልሱስ? አሁን ጥፋቱን ልታላክክበት የምትችለው የሰርቨሩ ሰበብ አልቋል። እንዲህ የፈራችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

መልሱ መርከቧ ሳታርፍ መጣ። የወረቀት ፎቶዎች ናቸው። የተጣለ ደብዳቤ ተቀባዩ አጥብቆ ከጠየቀ የኢሜይል ድርጅቱ ሰዎች ከቆሻሻው አውጥተው ያሳዩታል፤ አቶ ገላውዴዎስም ጠይቀው ሁሉንም አሳትመዋቸዋል። የትርሲት ደብዳቤዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ "ሐሰተኛ፤ ሰው አልጻፈውም" የሚል ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ሠላም" የሚለው ሁሉ ንጉሡ ሠ ተሰርዞበት እሳቱ ሰ ተጽፎበታል። በመጨረሻው ወረቀት ጠርዝ ላይ እንዲህ ብለዋል፦

"ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ሰላም በእሳቱ ሰ ነው። ከልጄ በቀር ማን እንዲህ ይሳሳታል ብላቸው አልሰሙኝም፤ መልስ እንዳልጽፍልሽም ከለከሉኝ። ቀድሞም አልተቀየምኩሽም። ነይ።"

"ምን ይላሉ?" አለ ዘርጋው። "ልትፈርሚ ነው ወይስ ቦታ ልያዝልሽ?"

"ያዝልኝ" አለች።

ከዚያ አባቷ መምጣቷን ሳይሰሙ እንዳያድሩ ብላ ልትጽፍላቸው ተቀመጠች። ጣቷ ወደ እሳቱ ሰ ሄደ። ትክክለኛውን ታውቀዋለች፤ ድሮም ታውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ጣቷን መለሰችና "ሠላም አባባ፣ እየመጣሁ ነው" ብላ በንጉሡ ሠ ላከችላቸው።