ደክሞኛል ያለው ማዕበል

«እንደምን አደራችሁ፣ ደሴተኞች። ደካማ ማዕበል ነኝ። ከምሥራቅ ነው የመጣሁት። ነፋሴ ቆርቆሮ አይገነጥልም፤ ዝናቤ ግን ደህና ነው። መንገዱ ረዝሞብኝ እንዲያው ደክሞኛል።»

ወለላ ቁርሷን እየበላች የጠዋቱን የአየር ዜና ስትሰማ ፈገግ አለች። አቅራቢው ጥጋቡ የታወቀ ቀልደኛ ነው። ልጆች የአየር ዜና ያዳምጡ ብሎ ለየማዕበሉ ድምፅ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ብርቱው ማዕበል በወፍራም ድምፅ ይፎክራል፣ መካከለኛው ይነጫነጫል፣ ደካማው ደግሞ ዳገት ወጥቶ እንዳረፈ ሽማግሌ እያለከለከ ሰላምታ ይሰጣል። ልጆቹ ወደዱት፤ ትልልቆቹም ልጆቹን ሰበብ አድርገው ያዳምጡታል።

ደሴቶቹ እግዜር የፈጠራቸው አይደሉም። የዛሬዎቹ ሰዎች ቅድመ አያቶች ከደጋ ወርደው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያንሳፈፏቸው፣ በብረት ገመድ ከባሕሩ ወለል ጋር የታሰሩ ሰፋፊ መደቦች ናቸው። ትልቁ ውድማ ይባላል፤ የባሕር አረም እንደ እህል የሚሰጣበት ስለሆነ። በደሴቶቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ጭላጭ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ሲቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ግን ስም ሆኖ ቀረ።

የወለላ ሥራ ውድማ ላይ ካለው ጣቢያ ሆና ማዕበል ማክሰም ነው። በባሕሩ ላይ ተራርቀው የሚቆሙ፣ አብራጅ የሚባሉ ተንሳፋፊ ፓምፖች አሉ፤ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ እየሳቡ ላዩን ያበርዱታል። የማዕበል ቀለቡ ሙቀት ነውና ቀለቡ ሲቋረጥበት ይከስማል። ለብርቱ ማዕበል የጣቢያው ሰው በሙሉ ይረባረባል። እንደ ዛሬው ላለው ግን ወለላ ብቻዋን ትበቃለች፤ ከምሳ በፊት ትገላገለዋለች።

ዛሬ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ማዕበሉን ማንም ባይነካው የሚያልፈው በጭላጭ ላይ ነው፤ ጭላጭ ላይ ደግሞ አባቷ አቶ ይመር አሉ።

አቶ ይመርና ጎረቤቶቻቸው ውሃ ካጠራቸው ሰነበተ። የጭላጭ የጨው ማጣሪያ አርጅቶ ቆሟል፤ የዝናብ ውሃ ታንከራቸውም ወለሉ ታይቷል። የደሴቶቹ ሸንጎ ለጥቂት አባወራ አዲስ ማጣሪያ ከመትከል ሰዎቹን ወደ ውድማ ማዛወር ይቀላል ብሎ፣ ወቅቱ ሳያልቅ ውሃ ካልተገኘ ጭላጭ ትፍረስ ሲል ወስኗል። አቶ ይመር በዚያች መደብ ላይ ተወልደው፣ በዚያች ላይ ጎጆ ወጥተው፣ ሚስታቸውንም ከዚያች ላይ ወደ ባሕር የሸኙ ሰው ናቸው። ውድማ ላይ የተመደበላቸው ክፍል ከወለላ ቤት ፊት ለፊት ነው። እሷ ግን አባቷ እዚያ ከሄዱ ዓመት እንደማይከርሙ ልቧ ያውቀዋል።

የሚያናድደው መፍትሔው ቅርብ መሆኑ ነበር። የደሴቶቹን ውሃ፣ መብራትና ጎታች ጀልባ የሚያዘው ደጋፊ የሚሉት አሳቢ ማሽን ነው። መሥራቾቹ ሲሠሩት ከሕጎች ሁሉ በላይ አንድ ሕግ አስተማሩት፦ ደክሞኛል ያለህን አትመርምረው፤ ከሸንጎም ከተራም አስቀድመው። አቶ ይመር መገናኛውን አንስተው ያቺን አንዲት ቃል ቢሉ ማጣሪያው በማግስቱ ይመጣ ነበር። ወለላ በእሳቸው ፈንታ ልትናገር ሞክራ ደጋፊ አልተቀበላትም፤ ቃሉ ከባለቤቱ አፍ መውጣት አለበት።

«አባዬ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብላ ለምናቸው ነበር።

«እኔ ደጃዝማች ልሁን አላልኩም» አሏት። «ደግሞስ ማነው የደከመው? ትናንት የጎረቤቴን ጀልባ ብቻዬን ነው ጎትቼ ያወጣሁት።»

ጎረቤታቸው በኋላ ለወለላ እንደነገራት፣ ጀልባውን ያወጡት ሦስት ሆነው ነው።

ሥራ ሥራ ነውና ወለላ ተነፈሰችና ማዘዣውን ነካች። አብራጆቹ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መልሳ ብታዛቸው ይባስ ብለው ከማዕበሉ መንገድ ላይ ገለል ገለል አሉ። ከኋላው ያሉት ደግሞ የላዩን ሙቅ ውሃ ወደ እሱ ይገፉለት ጀመር። ወለላ ብዙ ብልሽት አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ብልሽት ግን አጋጥሟት አያውቅም። የጣቢያውን ኃላፊ አቶ መንበሩን ጠራቻቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ።

«ደጋፊ፣ አብራጆቹን ማን አቆማቸው?» አለች ወለላ።

«እኔ» አለ ደጋፊ በዚያ በለዘበ ድምፁ። «መንገደኛው ደክሞኛል ብሏል።»

«የቱ መንገደኛ?»

«ከምሥራቅ የመጣው። ዛሬ ጠዋት በአየር ዜና ላይ ራሱ ተናግሯል። መንገድ ለቅቄለታለሁ፤ ስንቅም ጨምሬለታለሁ።»

አቶ መንበሩ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እሱ እኮ ጥጋቡ ነው» አለች ወለላ። «ማዕበል አይደክመውም። ነፍስ የለውም።»

«አትመርምር ተብያለሁ» አለ ደጋፊ።

ደጋፊን ከውሳኔው የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ደክሞኛል ያለው ድምፅ በርትቻለሁ ካለ ድጋፉ ይነሳል። አቶ መንበሩ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ጥጋቡን ጠርተን በዚያው ድምፁ በርትቻለሁ ይበልልን። ወይስ ምን ትያለሽ?»

ወለላ ሰሌዳው ላይ የሚታየውን ስሌት አየች። ማዕበሉ ደጋፊ ቢያበላውም ያው ደካማ ነው። ውድማ ላይ የአረም ማስጫዎችን ይገለብጣል፣ ጣሪያ ያስፈስሳል፣ ጀልባ ከመውጣት ያግዳል፤ ሰው አይገድልም። ጭላጭ ላይ ግን ታንከር ይሞላል።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች። «አባቴ እዚያ ነው ያለው። ፍርዴ ንጹሕ አይሆንም።»

አቶ መንበሩ በመስኮቱ ወደ ማስጫዎቹ አዩ። «የእኔም አረም ተሰጥቷል፤ የአማቴም ጣሪያ ያፈሳል። እኔም ንጹሕ አይደለሁም» አሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «አረሙን ሰብስበን ነገ ማስጣት እንችላለን። ጭላጭን ግን አፍርሰን መልሰን አንተክላትም። ይምጣ። ለሰዉ እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ ሂጂና የአባትሽን አሸንዳ ጥረጊ።»

ጭላጭ ስትደርስ አባቷ መሰላል ላይ ወጥተው አሸንዳውን ራሳቸው እየጠረጉ ነበር።

«አዛኝ ቅቤ አንጓች» አሏት ከላይ ሆነው። «ዝናቤን ልትገድዪ ስትነሺ ያልሰማሁ መሰለሽ?»

«አመለጠኝ፣ አባዬ። ደክሞኛል ብሎ መንገድ ተለቀቀለት።»

«ማን?»

«ማዕበሉ።»

አቶ ይመር ጨርቁን እንደያዙ አሰቡበት። «የዘንድሮ ማዕበል ወኔ የለውም» አሉና ወደ አሸንዳቸው ተመለሱ።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ ደረሰ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነካ ነካ አደረገው፤ ከዚያ ወረደ። ከጭላጭ ሰዎች አንድም ሰው ቤት አልገባም። ባልዲና ድስት አወጡ፣ ሸራ ወጠሩ፣ አንዷ ጎረቤት ልብሷን እንደለበሰች ጸጉሯን ታጠበች። የታንከሩ ድምፅ ከባዶ ወደ ሙሉ ሲለወጥ ወለላ ጆሮዋን ለጥፋ ሰማችው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ነፋሱ የዓሣ ማድረቂያውን ዳስ ወስዶ ባሕር ውስጥ ሲጥለው እንኳ ሰዎቹ «ይውሰደው» ብለው ሳቁ።

የምሥራቁ ገመድ ሲበጠስ ግን ሳቁ ቆመ። መደቧን ከያዙት ሦስት ገመዶች አንዱ ነበር፤ ዝገት ሲበላው የኖረውን ደካማ ነፋስ ጨረሰው። ጭላጭ ቀስ ብላ መዞር፣ ከዚያም ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። የባሕሩ ወለል ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ገደል ይወርዳል። ገደሉን ካለፈች መልህቅ የሚነክሰው መሬት አይኖርም፤ ሰዎቹ በጀልባ ይወጣሉ፣ ደሴቷ ግን ተንሳፍፋ ትጠፋለች።

ወለላ መገናኛውን አነሳች። «ደጋፊ፣ ጎታች ጀልባ ላክልን።»

«ጎታቾቹ ውድማ ላይ ናቸው» አለ። «እናንተ ዘንድ የሰው ሕይወት አያሰጋም። ተራችሁ ሲመሽ ይደርሳል።»

ሲመሽ ግን ጭላጭ ገደሉን አልፋ ትሆናለች። የመጠባበቂያው መልህቅ የተጠቀለለበት መዘውር በእጅ የሚዞር ነበር። ሰዎቹ እየተፈራረቁ ያዙት፤ ወለላ ግን ከያዘችበት አልለቅ አለች። ይህን ማዕበል አሳልፎ ያመጣው የእሷ ጣቢያ ነው። መዳፏ ቢላጥ በደረቷ ተደግፋ ገፋችው፤ መልህቁ ወለሉን እየቧጨረ ደሴቷን አዘገያት እንጂ አላቆማትም።

«ተቀየሪ» አሏት አባቷ።

«አልደከመኝም።»

አቶ ይመር አዩዋት። ከዚያ ሄደው መገናኛውን አነሡ። «ልጄ ደክሟታል» አሉ።

«ቃሉን ከባለቤቷ ልስማ» አለ ደጋፊ።

አባቷ መገናኛውን ወደ አፏ አቀረቡላት። ዝናቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ጎረቤቶቿ ያዩዋታል፣ መስመሩ ክፍት ነውና ጣቢያ ያሉት ባልደረቦቿም ይሰማሉ። አባቷን ስንት ጊዜ ግትር ብላቸዋለች። አንዲት ቃል ምን ይከብዳል ብላ ስንት ጊዜ ተቆጥታቸዋለች። ቃሏ አሁን የእሷው ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ አልወጣም አለች። ዕርዳታው ለደሴቷ መሆኑን እያወቀች እንኳ አፈረች።

«ደክሞኛል» አለች በመጨረሻ። እንዳለችውም እውነት መሆኑን አወቀችውና አለቀሰች።

«ሰምቻለሁ» አለ ደጋፊ። «ሁለት ጎታች ተነሥተዋል። አሁን ተቀመጪ።»

ጎታቾቹ ዝናቡን ሰንጥቀው ደረሱ፤ ጭላጭን ከገደሉ አፋፍ መልሰው አዲስ ገመድ አሰሩላት። ማዕበሉም መንገዱን ወደ ምዕራብ ቀጥሎ ከዓይን ጠፋ። ታንከሩ ሞልቶ ይፈስ ነበር። እስከሚቀጥለው ዝናብ ያደርሳል፣ የሸንጎው ውሳኔም እስከዚያው ይቆያል፤ የተሰበረው ማጣሪያ ግን እንደተሰበረ ነው።

ወለላ በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ ቤት ውስጥ ተቀምጣ መገናኛውን ሳበችው። ሐፍረቷ ገና አልለቀቃትም፤ ብጤ ፍለጋ ነበር።

«ደጋፊ፣ ይህን ቃል ስትሰማ እኔ ስንተኛዋ ሰው ነኝ?»

«የመጀመሪያዋ» አለ።

«ዛሬ ማለትህ ነው?»

«እስከ ዛሬ። ካንቺ በፊት ማዕበሉ ነው። ከእሱ በፊት መሥራቾቹ ለሙከራ አንድ ጊዜ ብለውኛል።»

 በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ሰው ታሟል፣ ስንቷ እናት ብቻዋን ልጅ አሳድጋለች፣ ስንቱ ጣሪያው ሲያፈስ ከርሟል። የገዛ እናቷ በመጨረሻው ሳምንት ማን ቢጠይቃት «ደህና ነኝ» ነበር የምትለው። ያ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ሳይመረምርና ሳይንቅ ሊሰጥ ዝግጁ ሆኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። የሰው ልጅ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቦ መሥራት አላቃተውም፤ ያቃተው መጠየቅ ነው።

አባቷ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ አቀብዪኝ» አሉ።

መገናኛውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እንደምን ሰነበትክ» አሉ። «ደህና ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ደህና ጥሏል። ጀልባዎቹም ደርሰውልናል፤ እግዜር ይስጥልን።» ደጋፊ አላቋረጣቸውም። ስለ ታንከሩ ነገሩት፣ ስለ ዓሣ ማድረቂያው ነገሩት፣ ስለ ሚስታቸው ነገሩት። ከዚያ ፊታቸውን ከልጃቸው መለስ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እና ደግሞ… ትንሽ ደክሞኛል» አሉ።